በመድረክ 220 ሺህ ብር የተባለው ሽልማት፦ የአንድ የአዳማ አሸናፊ ጉዳይ

ጉዳዩ የተፈጠረው አዳማ ውስጥ፣ በ2015 ዓ.ም. የፋሲካ ሰሞን ነው። ባለጉዳይዋ ፍራንኮ አካባቢ ትንሽ ጁስ ቤት አላት። ስሟን አልጽፍም። ሰፈሩ በሙሉ «እትዬ» ነው የሚላት፣ እኔም እንደዚያው እላታለሁ። የጨዋታው አዘጋጅም ሆነ ስፖንሰሮቹ እዚህ ስም የላቸውም፤ ችግሩ ያለው አሠራሩ ላይ ስለሆነ የእነሱ ስም ቢጠራም ባይጠራም ለውጥ የለውም። እኔን የጠራችኝ ወረቀት እንዳነብላት ነው። ሥራዬ መድረክ መምራትና ማስታወቂያ ማንበብ ነው፣ «አንተ የእነሱን ነገር ታውቃለህ» አለችኝ።

አዳማ የስብሰባ ከተማ ናት። ሆቴሉ ሁሉ አዳራሽ አለው፣ ከአዲስ አበባ በፈጣኑ መንገድ ቅርብ ነው፣ ስለዚህ ለበዓል ፕሮግራም የቀረጻ ቡድን ወደዚህ መውረዱ ብርቅ አይደለም። ያን ጊዜም አንድ አዳራሽ ይዘው ቀረጹ። ጨዋታው ቀላል ነው፦ መጀመሪያ ጥያቄና መልስ፣ መጨረሻ ላይ የቀረው ሰው ከተዘጉ ሣጥኖች አንዱን ይመርጣል። እትዬ ጥያቄውን አልፋ 4 ቁጥርን መረጠች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ቀረጻውን ደጋግሜ ስላየሁት በደንብ ልንገራችሁ። መብራቱ ይጠፋል። ከበሮ ይመታል። መጋረጃው ሲከፈት መሃል ላይ ትልቅ ባለ ሁለት በር ፍሪጅ ቆሟል፣ አንዷ ልጅ በሩን ስትከፍተው ውስጡ ለስላሳና ፍራፍሬ ጢም ብሏል፣ የውስጡ መብራት ጨለማው አዳራሽ ላይ ያበራል። ፍሪጅ እንደዚያ ቆንጆ ሆኖ ቤቱ ያየ ሰው የለም መቼም። ከመጋረጃ ጀርባ ድምፁ ይመጣል፦

«ዘመናዊና ኃይል ቆጣቢ፣ ባለ ሁለት በር ፍሪጅ! ከነቤተሰብዎ ሁለት ሌሊት በቢሾፍቱ፣ ሐይቅ ዳር ሪዞርት! የስድስት ወር የኮምፒውተርና የሒሳብ አያያዝ ሥልጠና! እንዲሁም የዓመት የልብስ ሳሙና! በጠቅላላው... የሁለት መቶ ሃያ ሺህ ብር ሽልማት!»

እልልታው ቀለጠ። እናቷ አለቀሱ። እሷም አለቀሰች።

ይህን የሽልማት ዝርዝር ከመጋረጃ ጀርባ ያነበበውን ሰው አልወቅስም፣ እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የማነበው። ግን እንዴት እንደተገጣጠመ ተመልከቱ። መጀመሪያ የመጣው በዓይን የሚታየው ነው። ሪዞርቱና ሥልጠናው ወረቀት ናቸው፣ ከፍሪጁ ጀርባ ተሰልፈው ገቡ፣ ተመልካቹም ፍሪጁን እያየ ነው የሰማቸው። የእያንዳንዱ ዋጋ አልተነገረም። ብር የተጠራው አንዴ ብቻ፣ በድምር፣ ከበሮው ሲያበቃ ነው። ድምር ሲነገርህ ደግሞ የትኛው ስንት እንደሆነ ለመጠየቅ ጊዜም ወኔም የለህም፣ ሰው እያጨበጨበ ነዋ።

አሜሪካኖቹ ከዚህ በተቃራኒ የሠሩት ጨዋታ አለ። «ዘ ፕራይስ ኢዝ ራይት» የሚባለው በ1956 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ አሁን በሚታወቅበት መልኩ ከ1972 ጀምሮ እየተላለፈ ነው። እዚያ ዋጋው ራሱ ጨዋታው ነው። አንባቢው ዕቃውን ይገልጻል፣ ሞዴሎቹ በእጃቸው ያሳያሉ፣ ተወዳዳሪው ደግሞ ስንት ያወጣል የሚለውን ይገምታል። ለዓመታት ይህን ያነበበው ጆኒ ኦልሰን ነበር፣ በ1985 እስኪሞት ድረስ። በእኛ ሙያ ያለ ሰው ቢያዳምጠው ይማርበታል፤ ዕቃው ምን እንደሆነ በዝርዝር ይነግርሃል፣ ብሩን ግን አፉ ላይ አያመጣውም። በ2008 እ.ኤ.አ. ደግሞ አንድ ተወዳዳሪ የመጨረሻውን የሽልማት ጥቅል ዋጋ 23,743 ዶላር ብሎ ቁርጥ አድርጎ አገኘው፣ አንድም ዶላር ሳይዛነፍ። ሰውየው ፕሮግራሙን ከሚስቱ ጋር ሲከታተል ከርሟል፣ ዕቃዎቹም ከነዋጋቸው እየተደጋገሙ ይመጡ ነበር። አዘጋጆቹ ደነገጡ፣ ማጭበርበር ነው ብለውም ጠረጠሩ። እኔን የገረመኝ ግን ሌላው ነው፦ ቁጥሩ ሊፈተን የሚችል ቁጥር ነበር። ማንም ቤቱ ቁጭ ብሎ ሊያጠናው ይችላል። የእኛን 220 ሺህ ማን ይፈትነዋል? ተሸላሚዋ እንኳ የምታውቀው ነገር የላትም።

ወደ እትዬ ልመለስ። ከመድረክ ስትወርድ ሁለት ገጽ ፎርም ፈርማለች። ሜካፑ ገና ፊቷ ላይ ነው፣ ዘመድ እየሳማት ነው፣ ማን ያነባል። ጁስ ቤቷ ውስጥ ቁጭ ብለን ስናነበው የሚያሳስቡት መስመሮች ጥቂት ናቸው፦ ሽልማቱ በጥሬ ገንዘብ አይቀየርም፤ ለሌላ ሰው አይተላለፍም፤ ግብርና ማጓጓዣ በአሸናፊው ይሸፈናል፤ በ90 ቀን ውስጥ ያልተወሰደ ይሰረዛል። ከዚያ በኋላ ደግሞ የተላከላት ደብዳቤ መጣ፦ ሽልማቱን ለመረከብ 33 ሺህ ብር ያስገባችበትን ደረሰኝ ይዛ ትቅረብ ይላል።

«እኔ አሸነፍኩ ወይስ ተቀጣሁ?» አለችኝ። የምሯን ነው።

33 ሺህው ከየት መጣ? በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ያን ጊዜ ከዕድል ሙከራ በሚገኝ ገቢ ላይ 15 በመቶ ግብር ይጥል ነበር፣ ነፃ የሚሆነው 1,000 ብር ያልደረሰ ሽልማት ብቻ ነበር። ግብሩን ቀንሶ የማስገባቱ ግዴታ የሽልማት ሰጪው ነው። ሽልማቱ ጥሬ ብር ቢሆን ማንም አይቸገርም፣ 100 ሺህ ብታሸንፍ 15 ሺህው ተቆርጦ 85 ሺህ ይዘህ ትሄድ ነበር። ፍሪጅ ግን አይቆረጥም። ስለዚህ ብሩ ከአሸናፊው ኪስ መምጣት አለበት። የ220 ሺህ 15 በመቶ ደግሞ 33 ሺህ ነው። በከበሮ የታጀበችው ቁጥር አዳራሽ ውስጥ አልቀረችም፣ ሒሳብ ሆና ቤቷ ድረስ መጣች።

ይህ እኛ ጋ ብቻ የሆነ አይምሰላችሁ። በመስከረም 2004 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊቷ የቴሌቪዥን አቅራቢ ኦፕራ ዊንፍሬይ የንግግር ፕሮግራሟ ላይ ለ276 የአዳራሽ ታዳሚ አዲስ ፖንቲያክ መኪና ስታድል ዓለም ጉድ አለ። መኪኖቹን የሰጠው አምራቹ ነው። ትንሽ ቆይቶ ተሸላሚዎቹ እያንዳንዳቸው ወደ 7 ሺህ ዶላር የሚጠጋ የገቢ ግብር እንደሚጠብቃቸው ታወቀ፣ በነፃ የተሰጠ መኪና መሆኑ ቀርቶ። «ዘ ፕራይስ ኢዝ ራይት» ላይም ያው ነው፣ አሸናፊው በዕቃው ዋጋ ልክ ግብር ይከፍላል፣ ካልፈለገ ሽልማቱን አልቀበልም ማለት ይችላል። ልዩነቱ፣ እዚያ ግብሩ የሚሰላበት ዋጋ የታወቀ መነሻ አለው።

የእኛስ መነሻ ምንድነው? እሱን ለማወቅ ብዙ ስልክ ተደወለ። በመጨረሻ የፕሮዳክሽን ማናጀሩ ዝርዝሩን ላከልን፦ ፍሪጅ 90 ሺህ፣ ሪዞርት 50 ሺህ፣ ሥልጠና 60 ሺህ፣ ሳሙና 20 ሺህ።

እትዬ ነጋዴ ናት፣ አትሞኝም። ፖስታ ቤት አካባቢና ገበያው ውስጥ ሄዳ ለዚያው ፍሪጅ፣ ለዚያው ሞዴል ሦስት ፕሮፎርማ አመጣች። 64 ሺህ፣ 66 ሺህ፣ 67 ሺህ። ሪዞርቱ ጋ ስንደውል ቫውቸሩ የሚሠራው በሥራ ቀን ብቻ ነው፣ በዓልና ቅዳሜ እሑድ አይጨምርም፣ ምግብም የለውም። በሥራ ቀን አንድ ክፍል 6,500 ብር፣ ለቤተሰብ ሁለት ክፍል፣ ሁለት ሌሊት፣ ሲደመር 26 ሺህ። 50 ሺህ የተባለው የበዓል ዋጋ ከነሙሉ ምግቡ ነው፣ እሷ የማታገኘው ነገር ማለት ነው። ጁስ ቤቷን በሥራ ቀን ዘግታ ብትሄድ ደግሞ የሁለት ቀን ገቢዋን ትከፍላለች።

ሥልጠናው ይበልጥ ያስቃል። ማዕከሉ ያለው አዲስ አበባ ነው። ትምህርቱ ከሰኞ እስከ ዓርብ ጠዋት ጠዋት ነው። የአዳማ ሴት በየቀኑ በሌሊት ተነስታ ሂዳ ስድስት ወር ሙሉ ኮምፒውተር ተምራ ትመለስ? 60 ሺህ የተባለው የሁለት ኮርስ ሙሉ ዋጋ ሲሆን በዚያው ወር ማዕከሉ በር ላይ በሰቀለው ባነር ሁለቱም በቅናሽ 18 ሺህ ነበሩ። ማንም መንገደኛ ገብቶ በ18 ሺህ የሚመዘገብበትን ነገር ነው ለእሷ በ60 ሺህ የሸለሟት።

ሳሙናውን ወድጄዋለሁ። «የዓመት» ሲባል ስንት ነው ብዬ ጠየቅኩ፣ በወር ሁለት ካርቶን አስበው 24 ካርቶን ነው። ጅምላ ሱቅ 14 ሺህ ያወጣል። 20 ሺህ መባሉ ያው የተለመደው ጭማሪ ነው፣ ግን ቢያንስ ቆጥረህ የምትረከበው ነገር ነው። እትዬም ከሁሉም የተደሰተችው በእሱ ነው ብል አልዋሸሁም።

እንግዲህ ደምሩት። ፍሪጁን መካከለኛውን 66 ሺህ ብንይዝ፣ ሪዞርት 26፣ ሥልጠና 18፣ ሳሙና 14፣ በገበያ ዋጋ 124 ሺህ። ግብሩ በዚህ ቢሰላ 18,600 ይሆናል። መድረክ ላይ የተጠራው ግን ከዚህ ወደ 100 ሺህ በሚጠጋ ይበልጣል።

ማናጀሩን በስልክ ስፒከር ላይ አድርገን አናገርነው። ክፉ ሰው አይደለም። «ወንድሜ፣ ቁጥሩን እኛ አላወጣነውም፣ ስፖንሰሮቹ በደብዳቤ የላኩት ነው» አለኝ። ትክክል ነው። እዚህ ላይ ውስጡን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ስፖንሰሩ ለፕሮግራሙ ብር አይሰጥም፣ ዕቃ ይሰጣል። በምትኩ ስሙ ይጠራል፣ ስፖቱ ማለትም አጭር ማስታወቂያው ይለቀቃል፣ ዕቃው ካሜራ ላይ ይቆማል። ስንት ስፖት እንደሚለቀቅለት የሚወሰነው በሰጠው ዕቃ ዋጋ ነው፣ ዋጋውን የሚጽፈው ደግሞ ራሱ ነው። ታዲያ ማን ዝቅ አድርጎ ይጽፋል? አዘጋጁም አይከራከርም፣ ድምሩ ባደገ ቁጥር ፕሮግራሙ ትልቅ ይመስላል። ሁለቱም ወገን ቁጥሩ ሲያብጥ ይጠቀማል። የሚጎዳው ስብሰባው ላይ የሌለ ሰው ነው፣ ማን እንደሆነ ገና ያልታወቀው አሸናፊ። ባዶ ወንበር ላይ የሚቀመጥን ተማሪ በ60 ሺህ የገመተው ማዕከል አንድ ብር ሳያወጣ የ60 ሺህ ብር የአየር ሰዓት አገኘ።

አሜሪካ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የጥያቄና መልስ ፕሮግራሞች መልሱ አስቀድሞ እየተነገረ መሆኑ ሲጋለጥ ትልቅ ቅሌት ሆኖ በ1960 ሕግ ወጣ፤ ውድድር ማጭበርበርን ወንጀል አደረገ። ጣቢያው እንዲያሳየው ተብሎ ዕቃ ሲሰጠው የሰጪውን ማንነት ማሳወቅ እንዳለበትም ደንብ አላቸው፤ መጨረሻ ላይ ፈጠን ፈጠን ተብሎ የሚነበበው የስፖንሰር ዝርዝር ከዚያ ነው የመጣው። እኛ ጋ ሰጪው ማን እንደሆነ አይደበቅም፣ እንዲያውም ጆሮ እስኪደነቁር ይጠራል። የሚደበቀው የዕቃው ልክ ነው። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ መድረክ ላይ በከበሮ የሚነበብን ሽልማት ግን እንደ ማስታወቂያ የሚያየው ሰው አልገጠመኝም፣ ሁሉም መዝናኛ ነው ብሎ ያልፈዋል። በእኔ እይታ ከማስታወቂያም በላይ ማስታወቂያ ነው። ስፖት ሲመጣ ሰው ቻናል ይቀይራል፣ ሽልማት ሲነበብ ግን ዝም ብሎ ያዳምጣል።

ጉዳዩን ወደ ክስ አልወሰድነውም፣ የ90 ቀኑ ገደብም እየሮጠ ነበር። እትዬ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ፍሪጁንና ሳሙናውን ልውሰድ፣ ሌላው ይቅርብኝ። መጀመሪያ «ፓኬጅ ስለሆነ አይነጠልም» አሏት። እዚህ ላይ «ዊል ኦፍ ፎርቹን» የሚባለው ሌላው የአሜሪካኖቹ የቴሌቪዥን ጨዋታ ትዝ አለኝ። እስከ 1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ድረስ እዚያ ያሸነፈ ሰው ዋጋቸው የተለጠፈባቸው ዕቃዎች መሃል በገንዘቡ ልክ እየመረጠ ይወስድ ነበር፣ ልክ እንደ ሱቅ። ለተመልካች ትንሽ ይሰለቻል ይባላል፣ ኋላም ቀርቶ በጥሬ ገንዘብ ተተካ። ለእትዬ ግን ያ አሰልቺ ሱቅ ይሻላት ነበር፤ ሥልጠናውን ዞር ብላም አታየውም።

መላው የተገኘው ካላሰብነው ቦታ ነው። የፍሪጁ ሻጭ ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ስልክ ላይ እያወራን ሳለ፣ ዕቃው ከመጋዘን ሲወጣ በመዝገባቸው የተያዘው በ63 ሺህ መሆኑን ነገረችን። ሳትደብቅ ነው የተናገረችው፣ ለእሷ ተራ ሒሳብ ነው። አንድ ፍሪጅ፣ መድረክ ላይ 90፣ ሱቅ 66፣ መዝገብ ላይ 63። ይህን በደብዳቤ ጻፉልን ስንል አላመነቱም፣ ምክንያቱም የራሳቸው መዝገብ የሚለውም እሱን ነው። ማናጀሩ ደብዳቤውንና ፕሮፎርማዎቹን ሲያይ ለዘበ። እትዬም ሪዞርቱንና ሥልጠናውን «በፈቃዴ ትቼዋለሁ» ብላ ፈርማ መለሰች። የቀረው ፍሪጅ በ63 ሺህ፣ ሳሙና በ14 ሺህ፣ 77 ሺህ ሆነ። 15 በመቶው 11,550 ብር። የእቁብ ዕጣዋ ገና ስለነበር ሰብሳቢዋን ለምና ቀድማ ወጣላት፣ ከፈለች።

አሁን ደግሞ ማጓጓዣ። ፍሪጁ የት ነው ያለው? አዲስ አበባ። የተቀረጸው አዳማ፣ ያሸነፈችው አዳማ፣ ፍሪጁም አዳማ መድረክ ላይ ነበር። ቀረጻው ሲያልቅ ግን ለሚቀጥለው ክፍል ማሳያ ይሆናል ተብሎ ከነጄኔሬተሩ ተጭኖ ተመልሷል። እሷ ደግሞ በትንሽ ጭነት መኪና 3,500 ብር ከፍላ ወደ ወጣበት ከተማ አስመለሰችው። ሲመጣ በሩ ላይ የተለጠፈው የፕሮግራሙ ስቲከር አልተነሳም ነበር። መብራቱ ስለማያስተማምን ስታብላይዘር ገዛችለት፣ ጁስ ቤቱ ጥግ አቆመችው፣ እስከ ዛሬም ይሠራል። ጥሩ ፍሪጅ ነው፣ ያንን መካድ አይቻልም።

በወረቀት ያልተስተካከለው ግን ወሬው ነው። ሰፈር የሰማው 220 ሺህ ነው። ቴሌቪዥን የተናገረውን እትዬ አስተባብላ ማን ያምናታል? ከወንጂ የአጎቷ ልጅ ብድር ሊጠይቅ መጣ። የዕድር ሴቶች «እንግዲህ አሁን ሞልቶልሻል» እያሉ ነካ ያደርጓታል። ይባስ ብሎ የጁስ ቤቱ አከራይ ወር ሳይሞላ ኪራይ እንጨምር አሉ። «አባባ፣ እኔኮ ብር አላገኘሁም፣ ፍሪጅ ነው ያገኘሁት» ብትላቸው፣ «አይ ልጄ፣ በዓይኔ አይቻለሁ፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አሏት። ሰሙ አይደል፣ አልዋሹም። ጨመሩባት።

ለማናጀሩ የኪራዩን ነገር ስነግረው ከልቡ አዘነ፣ የሚቀጥለው ዙር ላይ እናስተካክላለን አለ። የሚቀጥለውን ዙር ተከታተልኩ። በእርግጥ አንድ ነገር ቀይረዋል፦ ድምሩ አሁን አይነበብም። ፍሪጁ ይከፈታል፣ ከበሮው ይመታል፣ ሪዞርቱም ሥልጠናውም ይጠራሉ፣ ብር ግን የለም። አከራይ የሚሰማው ነገር ባለመኖሩ ይህ ትንሽ ይሻላል። ግን አልሸሹም ዞር አሉ ነው ነገሩ፤ ዋጋው ከመድረክ ወርዶ ፎርሙ ሁለተኛ ገጽ ላይ ገብቷል፣ አሁንም የሚጽፉት ስፖንሰሮቹ ናቸው፣ አሸናፊውም የሚያየው ከፈረመ በኋላ ነው። ሪዞርቱ በሥራ ቀን ብቻ መሆኑንም አንባቢው እስካሁን አልተናገረም። ያንን አንድ ዓረፍተ ነገር ለማንበብ የሚፈጀው አምስት ሰከንድ ነው፣ በሙያዬ ስለማውቀው ነው የምላችሁ።